ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ

ተማሪዎችን ለሞዴል ፓርላማ ጉባኤ ማዘጋጀት ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ቀላል ሥራ ይመስላል። ልጆቹ ረቂቅ ሕግ ይጽፋሉ፣ በየተራ እየተነሡ ይከራከራሉ፣ እጅ አውጥተው ድምፅ ይሰጣሉ፣ በመጨረሻም ፎቶ ተነሥተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። አሠልጣኙ መምህር ግን ከጉባኤው በፊት ያሉትን ሳምንታት የሚያሳልፈው ልጆቹ እንዲናገሩ በማደፋፈር ሳይሆን፣ ለሚናገሩት ነገር ጥቂት ምክንያት እንዲፈልጉለት በመማጸን ነው። ንግግሩ ያለ አስተማሪ ይመጣል። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲጠየቅ ዐይኑን ጫማው ላይ ይተክል የነበረ ልጅ፣ «የተከበሩ» የሚል ካርድ አንገቱ ላይ በተንጠለጠለበት ቅጽበት ድምፁ ይወፍራል፣ አንድ እጁ ወደ ጀርባው ይሄዳል፣ ከዚያም «ይህ የተከበረ ምክር ቤት በሚገባ እንደሚገነዘበው» ብሎ ማንም ያልተገነዘበውን ነገር ማብራራት ይጀምራል።

ሥራው የሚጀመረው ከረቂቁ ነው። ለመግቢያው ልጆቹ እርዳታ አይሹም፤ «የዜጎችን ሁለንተናዊ ደኅንነት ማረጋገጥ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ» የሚለውን ሐረግ አንድ ጊዜ ካገኙት በኋላ፣ ጉዳዩ የመማሪያ ክፍል ወንበርም ይሁን የሕዋ ምርምር፣ ያለ አድልዎ ከሁሉም አናት ላይ ያስቀምጡታል። ችግር የሚመጣው ገንዘብ የሚነሣበት አንቀጽ ላይ ስንደርስ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒውተር በነፃ እንዲታደል የሚደነግግ ረቂቅ ይዞ የመጣን አንድ ቡድን፣ ወጪው ከየት እንደሚሸፈን ብጠይቀው «ከመንግሥት» አለኝ። መንግሥትስ ከየት ያመጣዋል? «ከበጀት።» በጀቱን የሚያጸድቀው ማን ነው? ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩና የቡድኑ መሪ አፉን ሞልቶ «እኛው ነና፣ መምህር!» አለኝ። በእውነተኞቹ ምክር ቤቶች ከዚህ እጅግ የራቀ መልስ ሲሰጥ ሰምቼ ስለማላውቅ ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፍን።

የሚቀጥለው አንቀጽ የቅጣት ነው። በገንዘብ ላይ እንዲያ ቸር የነበሩት ልጆች እዚህ ሲደርሱ ርኅራኄ የሚባል ነገር አይነካቸውም። ቆሻሻ በየመንገዱ የጣለ ሰው በ15 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የቤት ሥራ የሰጠ መምህር ደግሞ በዕድሜ ልክ እንዲቀጣ የሚጠይቅ ረቂቅ አንብቤአለሁ። (የዕድሜ ልኩ አንቀጽ ሲነበብ ሁሉም ወደ እኔ እንዳልተመለከቱ ለመምሰል ያደረጉት ጥረት የሚመሰገን ነበር።) ለነፍሰ ገዳይ ምን ሊያስቀሩለት እንዳሰቡ ስጠይቃቸው ተማክረው ተመለሱና፣ ያ ጉዳይ የሌላ ኮሚቴ ሥልጣን መሆኑን በትሕትና አስታወቁኝ። ሥልጣንን ወደ ሌላ ኮሚቴ መምራትን ገና አላስተማርኳቸውም ነበር።

የአሜሪካ ኮንግረስ በአንድ የሁለት ዓመት ዘመኑ ከ10,000 በላይ ረቂቆች ይቀርቡለታል፤ ከእነዚህ ሕግ ሆነው የሚወጡት ከመቶ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ይህን የምነግራቸው ረቂቃቸው ቢወድቅ እንዳያዝኑ ለማጽናናት ነው። ማጽናናቱ ግን ከንቱ ነው፤ ምክንያቱም በተማሪዎች ጉባኤ ላይ ረቂቅ አይወድቅም። ሁሉም ቡድን የራሱ ተራ እስኪደርስ የሌላውን ይደግፋል፣ ውለታው በመተላለፊያው ላይ በሹክሹክታ ይመዘገባል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይከፈላል። ሳይጸድቅ የሚቀር ረቂቅ ካለ የምሳ ሰዓት የደረሰበት ብቻ ነው።

ከረቂቁ በኋላ ደንቡ ይመጣል። ብዙ የተማሪ ጉባኤዎች የሚመሩበት ሥርዓት የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ሄንሪ ማርቲን ሮበርት ወደሚባል የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ ይደርሳል። ይህ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1863 በኒው ቤድፎርድ ከተማ አንድ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዲመራ በድንገት ተጠየቀ፤ ስብሰባው ከቁጥጥሩ ውጭ ወጥቶ ስላሳፈረው የስብሰባን ሕግ ሳያጠና ዳግመኛ ስብሰባ ላይ ላለመገኘት ወሰነ። ማናችንም ብንሆን በእንዲህ ያለ ቀን ማግሥት የምንወስነው ጨርሶ ስብሰባ ላለመሄድ ነው፤ እርሱ ግን አጥንቶ በ1876 መመሪያ አሳተመ። የመጀመሪያው እትም 176 ገጽ ነበር፤ በ2020 የወጣው 12ኛው እትም ግን ከ700 ገጽ ያልፋል። በመካከሉ የሰው ልጅ ስንት አዲስ የመጨቃጨቂያ መንገድ እንደፈለሰፈ ከዚሁ መገመት ይቻላል።

በየቡድኑ ይህን ሁሉ የሚያነብ አንድ ልጅ አይጠፋም። ስለ ረቂቁ ይዘት አቋም የለውም፣ እንዲኖረውም አይፈልግም፤ የእርሱ ሙያ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» ብሎ መነሣት ነው። ተናጋሪው ከመቀመጫው ሙሉ በሙሉ ሳይነሣ መናገር ጀምሯል፤ ማሻሻያው በጽሑፍ ሳይቀርብ ደጋፊ አግኝቷል፤ ምልዓተ ጉባኤው የተቆጠረው አንዲት አባል ውኃ ልትጠጣ ከወጣች በኋላ ነው። የእኛው ልጅ በእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ወለል ላይ ሁለት ቀይ መስመሮች እንዳሉ፣ ርቀታቸውም በትውፊት ሁለት ጎራዴ ከነርዝመቱ እንደሆነ፣ ተናጋሪም መስመሩን እንዳያልፍ እንደሚከለከል አነበበ። በማግሥቱ ቀይ ፕላስተር ይዞ መጣ። ስለ ንጹሕ ውኃ አቅርቦት ልንከራከርበት የያዝነው ልምምድ፣ ጎራዴ በሌለበት አዳራሽ የሁለት ጎራዴ ርዝመት በስንት ማስመሪያ እንደሚለካ በመወያየት ተጠናቀቀ። ውይይቱ ሥርዓት የተሞላበት እንደነበር ግን መመስከር አለብኝ፤ ድምፅም ተሰጥቶበታል፣ ሁለት ድምፀ ተአቅቦም ተመዝግቧል።

የንግግር ጊዜ ሌላው ፈተና ነው። ለአንድ ተናጋሪ የሚፈቀደው ሁለት ደቂቃ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ አንዱ ደቂቃ አፈ ጉባኤውን፣ ምክትል አፈ ጉባኤውን፣ የተከበሩ አባላትን፣ የተከበሩ እንግዶችንና ዕድሉን የሰጠውን ሁሉ በማመስገን ያልቃል። ቢጨንቀኝ በተቃራኒው ጫፍ ያለውን ታሪክ ነገርኳቸው፤ የአሜሪካው ሴናተር ስትሮም ተርመንድ እ.ኤ.አ. በ1957 የዜጎች መብት ሕግን ለማሰናከል 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ሳያቋርጥ እንደተናገረ፣ ሕጉ ግን ከዚያ ሁሉ በኋላ እንደጸደቀ፣ ይህን ክብረ ወሰን ደግሞ ሴናተር ኮሪ ቡከር በ2025 በ25 ሰዓት ከ5 ደቂቃ እንደሰበረው። ከዚህ ታሪክ ስለ ንግግርና ስለ ውጤት አንዳች ነገር እንዲማሩ ተስፋ አድርጌ ነበር። ልጆቹ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሰዎቹ ሽንት ቤት የሄዱት መቼ ነው የሚል።

ወላጆች ደግሞ የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ቢል ክሊንተን የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1963፣ ወጣቶች ሴናተር ሆነው በሚከራከሩበት ጉባኤ ላይ ተመርጦ ዋሽንግተን ሄዶ ነበርና በኋይት ሐውስ ግቢ የፕሬዚዳንት ኬኔዲን እጅ ሲጨብጥ የተነሣው ፎቶግራፍ አለ። ይህን ፎቶግራፍ በስልኩ ይዞ ያላሳየኝ ወላጅ ጥቂት ነው። ልጁ በዚያ ጉባኤ ላይ ስለ ምን እንደተከራከረ የጠየቀኝ ወላጅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም፤ የሚጠይቁኝ ጉባኤው ላይ ትልቅ ሰው ይገኝ እንደሆነ፣ ከተገኘም ልጃቸው በየትኛው በኩል እንዲቆም እንደሚሻል ነው።

ይህ ሁሉ የሚታለፍ ነው። ያልተዘጋጀንበት ነገር የመጣው በመጨረሻው ልምምድ ላይ ነው። ረቂቁ ተማሪዎች ሞባይል ስልክ ወደ ትምህርት ቤት እንዳያስገቡ የሚከለክል ሲሆን፣ ከደጋፊዎቹ ወገን ዋና ተናጋሪ የነበረችው ልጅ የተቃዋሚውን ንግግር ማስታወሻ እየያዘች እስከ መጨረሻው ሰማች። ልጁ፣ እናቱ ስለታመመች በየቀኑ ስልክ እየደወለ መድኃኒቷን በሰዓቱ መውሰዷን እንደሚያረጋግጥ፣ ረቂቁ ግን ለእንዲህ ያለ ችግር አንድ መስመር እንኳ እንዳላስቀመጠ ተናገረ። ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ፣ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የተከበሩት አባል ያሉት ልክ ነው፤ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ» ብላ ተቀመጠች።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ስድብ፣ ጩኸት፣ ረግጦ መውጣት፣ ሁሉም በደንቡ መፍትሔ አለው፤ ለዚህ ግን የተዘጋጀ አልነበረም። የደንቡ ልጅ መጽሐፉን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለበጠ። በመጨረሻ ሰብሰብ ብሎ፣ አንድ አባል ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ መስማማት ይፈቀድለት እንደሆነ አፈ ጉባኤው ብይን እንዲሰጥበት ጠየቀ። የቡድን ጓደኞቿ ቃላቸው አጠር ያለ ነበር፤ ከሃዲ አሏት። ያስደነገጠኝ ተቃዋሚው ነው፤ አሸንፎ ሳለ ቅር ብሎት፣ ገና ሁለት ነጥብ እንደቀረውና እንዲህ በአቋራጭ እንድትስማማበት እንደማይፈልግ አቤቱታ አቀረበ።

የዳኞችን የነጥብ መስጫ ወረቀት አውጥቼ አየሁት። ለድምፅ አወጣጥ 20፣ ለአቋቋም 10፣ ለዐይን ግንኙነት 10፣ ለጊዜ አጠቃቀም 20፣ ለአቋም ጽናት 40 ይላል። በዚህ ስሌት ልጅቷ ከመቶው አርባውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥላዋለች። ስለዚህ ለአዘጋጅ መምህራን ኮሚቴ፣ የሌላውን ሐሳብ አድምጦ መልስ ለሚሰጥ ተማሪ የሚያዝ ጥቂት ነጥብ በወረቀቱ ላይ እንዲጨመር በጽሑፍ ሐሳብ አቀረብኩ። ኮሚቴው ተሰበሰበ። አንደኛው ባልደረባ፣ አድማጭን መለካት አስቸጋሪ በመሆኑ ጉዳዩ በንዑስ ኮሚቴ ይጠና አለ፤ ሌላው፣ ነጥቡ ከየትኛው ላይ ይቀነስ ብሎ ጠየቀና የእርሱ ተማሪዎች ጎበዝ በሆኑበት በአቋቋም ላይ እንዳይነካ አሳሰበ፤ ሦስተኛዋ ሐሳቡን እየደገፈች ማሻሻያ አቀረበች፤ በማሻሻያው ላይ ማሻሻያ ቀረበ። ድምፅ ሊሰጥ ሲል ሁለት አባላት ክፍለ ጊዜ ስለደረሰባቸው ወጥተው ነበርና ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ፤ ነጥቡም በቃለ ጉባኤው ላይ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚለው ሥር ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ።

ልጅቷን ቡድኗ ከተናጋሪነት አንሥቷት፣ በጉባኤው ቀን ሰዓት ያዥ አድርጎ መደባት። ከፊተኛው ወንበር ተቀምጣ ከጠዋት እስከ ማታ የእያንዳንዱን ተናጋሪ ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያዳመጠች ደወሉን ትመታ ነበር።