እስከ ቆጣሪው ስድስት እርምጃ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ ኤሌክትሪሺያን አሉ። ስማቸው ይቅርና ጋሼ እንበላቸው። ከኤሌክትሪክ ጋር 31 ዓመት ኖረዋል፣ ከባለቤታቸው ጋር 27። ኮረንትን ቀድመው ነው የሚያውቁት። አመሉንም ከባለቤታቸው አመል አብልጠው እንደሚያውቁት ራሳቸው ይናገራሉ።

ባለፈው ክረምት የሳሎናችን ሶኬት መሽተት ጀመረና ጠራናቸው። ረዳታቸውን አስከትለው መጡ። ልጁ ገና በሩን ሳያልፍ "ቆጣሪው የት ነው?" አለኝ። በረንዳ ላይ ነው አልኩት። ከሶኬቱ እስከ ቆጣሪው ስድስት እርምጃ ነው። በኋላ ለክቼዋለሁ።

"ተወው አንተ" አሉት ጋሼ እየሳቁ። "ለአንድ ሶኬት ብለህ የሰው ፍሪጅ ታጠፋለህ?" ቴስተሩን በጥርሳቸው ነከሱ፣ ካቻቢቴውን በቀኝ ያዙ፣ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ተንበረከኩ። እጅ ኪስ መክተቱ ለጉራ እንዳይመስላችሁ። ኮረንት በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ በደረት፣ በልብ በኩል ነው። በአንድ እጁ ብቻ የሚሠራ ሰው ያንን መንገድ ዘጋው ማለት ነው። ጋሼ ይህንኑ፣ ቴስተሩን እንደነከሱ፣ በከንፈራቸው ጥግ ለረዳታቸው እያስተማሩት ሳለ ኪሳቸው ውስጥ ስልክ ጮኸ።

ግራ እጅ ስልኩን ይዞ ወጣ። ክርናቸው የብረት መስኮቱን ነካ።

ቀጥሎ ያየኋቸው ሶፋው ላይ ነው። በምን እንደሄዱ አላየሁም። ቴስተሩ ግን ከጥርሳቸው አልወጣም፤ ወለሉ ላይ የወደቀው ስልክም "ሄሎ? ሄሎ?" ይላል። ረዳታቸው ለካ ድምፁን አጥፍቶ ወደ በረንዳው መሄድ ጀምሮ ኖሯል። አራተኛው እርምጃ ላይ ደርቆ ቀረ። ጋሼ ነፍሳቸው መለስ ስትል የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፦

"ይሄ ቤት ኧርዝ የለውም።"

ልጁ ውሃ ካቀበላቸው በኋላ ወደኔ ጠጋ አለና፣ ሰውን ከኮረንት ለማዳን የሚገጠመው ብሬከር በ30 ሚሊአምፔር እንደሚቆርጥ፣ ያም ከአንድ አምፔር መቶ እጅ ሦስቱ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። በሹክሹክታ ነው የነገረኝ። ጋሼ እንዳይሰሙ።

"አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች" እንላለን። ልብ በሉ፣ ተረቱ "አታውቂም ቢሏት" አይልም። የማታውቅ ሴት መጽሐፉን ከነማኅደሩ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ በተወችው። ያኔ መጽሐፍ ማለት ብራና ነው፤ ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ በሸምበቆ ብዕር ፊደል በፊደል የተለቀመ። ሴትዮዋ ከዚያ በፊት ስንት ጋቢ አንጽታ ተመርቃለች። ባለሙያ ናት። እኔ የምጠረጥረው ደግሞ ሌላ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን የመጽሐፉን ሽፋን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ "እሰይ የኔ ልጅ!" ተብላለች። ምንም አልሆነም። በሚቀጥለው ሳምንት ጠርዙን። አሁንም ምንም አልሆነም። ከዚያ ውሃ ጣደች።

ጋሼ ቆጣሪ ሳያጠፉ የቀየሩት ሶኬት ስንት ይሆን? ያን ሁሉ ጊዜ ሥራውን የሠራችው ዕድል ናት፤ ደመወዙን በየወሩ እየፈረመ የሚወስደው ግን ችሎታ ነው። ዕድል አንድ ቀን ከሥራ ስትቀር ነው ፔሮሉ ላይ ማን ሳይሠራ ይበላ እንደነበር የሚታወቀው። ጀማሪውማ ምን ፈርሞ ይወስዳል? ፈሪ ስለሆነ ስድስቱን እርምጃ ይሄዳል።

ነገሩ የኛ ሰፈር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በ1969 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማርች 27 ቀን 1977፣ የስፔን ግዛት በሆነችው ቴነሪፍ ደሴት፣ ጭጋግ በዋጠው አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። በአቪዬሽን ታሪክ እንደሱ ብዙ ሰው የፈጀ ግጭት የለም። የመነሻ ፈቃድ ሳይሰጠው የተንደረደረው ካፒቴን፣ ያኮብ ቬልድሃውዘን ቫን ዛንተን፣ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አብራሪዎች አሠልጣኝ ነበር፤ ፎቶው በአየር መንገዱ ማስታወቂያ ላይ የሚወጣ ሰው። ጭጋጉም፣ የተደራረበው የሬዲዮ ንግግርም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ከልቤ የማይወጣው ግን ከኋላ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ነው። ያኛው አውሮፕላን ከሜዳው አልወጣም እንዴ ብሎ ጠየቀ። ወጥቷል ተባለ፣ በእርግጠኛ ድምፅ። ሁለተኛ አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ነው አየር መንገዶች ታናሽ ታላቁን እንዴት እንደሚያስቆም በሥልጠና ማስተማርን የያዙት።

እኛ ዘንድ ያ ሥልጠና ሲመጣ አስተማሪው መከራውን ያያል። ሰዋስዋችን ራሱ አያግዝም። ለእኩያ "ተው!" አንድ ትንፋሽ ናት። ለትልቅ ሰው ግን "ኧረ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዲያው ለማንኛውም ቆጣሪውን ባጠፋውስ ምን ይመስልዎታል?" እስኪባል 220 ቮልት ቆሞ አይጠብቅም።

የላዳ ሾፌሮችን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የማውቃቸው አንድ ባለላዳ የነዳጃቸው ጌጅ ቀይ ላይ ከተኛ ስንት ዘመኑ። "ቀይ ላይ ሆኖ ከስታዲየም አራት ኪሎ ደርሶ ይመለሳል" ይላሉ፤ ደርሶ ተመልሷልም። የማደያውን ሰልፍ አይተው "ነገ እቀዳለሁ" ባሉበት ዕለት የኋላ ወንበር ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። አምባሳደር ጋ ቀጥ አለ። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የሚባለው ላዳ እየገፋሁ ነው የገባኝ።

የኔስ ሙያ? ሰማይ ማንበብ ነው። እዚሁ ከተማ ተወልጄ 46 ክረምት አሳልፌያለሁ። እንጦጦ ላይ የተቀመጠን ደመና አይቼ የቱ ሰፈር ወርዶ የቱ ሰፈር እንደሚያልቅ እናገራለሁ። ጋሼ ሶፋችን ላይ ባረፉ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ባለቤቴ ኦሪጅናል ዲግሪዋን አንድ መሥሪያ ቤት እንዳደርስላት ሰጠችኝ። ካኪ ፖስታ ውስጥ ነው። "ፌስታል ውስጥ ክተተው፣ ጃንጥላ ያዝ፣ መንገድ ላይ ኮፒ አስነሣው" አለችኝ። ሦስት ነገር። ድምፅዋ የዚያን ረዳት ልጅ መሰለኝ።

ወደ ሰማይ አንጋጠጥኩ። ጥርት ብሏል። እንጦጦ ጫፍ ላይ ብቻ ባዘቶ የምታህል ደመና አለች።

"ይቺ የሽሮ ሜዳ ናት" አልኳት። "ማዘጋጃ ቤትን አታልፍም።"

ቸርችልን ሽቅብ ተያያዝኩት። ከፊቴ አንድ ወጣት በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዞ ይሄዳል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ መሆን አለበት ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ቴዎድሮስ አደባባይ ስደርስ ሴባስቶፖል ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ከዚያ ወረደው። የአዲስ አበባን የሐምሌ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ማስጠንቀቂያው ሁለት ጠብታ ነው። ቸርችል በአንድ አፍታ ወንዝ ሆነ። ልጁ ጃንጥላውን ዘርግቶ መንገዱን ቀጠለ። እኔ ደግሞ ሠላሳ ምናምን ዓመት ዝናብ ሲመጣ የማደርገውን አደረግሁ፤ በእጄ ያለውን ነገር ራሴ ላይ ደፍቼ መሮጥ። ጋዜጣ ሲሆን ጋዜጣ፣ ፌስታል ሲሆን ፌስታል። የዚያን ቀን በእጄ የነበረው ዲግሪው ነው።

መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቷ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ፣ ከጥግ ይዛ፣ ከገመድ እንደወረደ ካልሲ አንጠለጠለችው። ሐምራዊው ማኅተም ተንሸራቶ የዲኑን ፊርማ ውጦታል። የባለቤቴ ስም ከአያቷ በቀር አይነበብም።

"ኦሪጅናሉን ይዘው ይምጡ" አለችኝ በትሕትና።

"ኦሪጅናሉ እሱ ነው።"

ዝም ብላ አየችኝ፤ አየችውና "ታጥቧል እኮ" አለች።

ተረቱ የባሏን ነው የሚለው። የሚስቱን ስላጠበ ምንም አልተተረተም።

ስወጣ ዝናቡ አባርቷል። በሩ ላይ ጃንጥላ የምትሸጥ ልጅ ተቀምጣለች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ጋሼ፣ አንድ ልስጥዎት?" አለች። ቀና ብዬ እንጦጦን አየሁት። ሌላ ደመና ተቀምጣለች፤ ከጠዋቷ ከፍ የምትል።

"ተይው" አልኳት። "ይቺ በቀበና በኩል ነው የምትሄደው።"