«አልቋል» የሚለውን ቃል ሲኤስኤስ ውስጥ አትጻፉት

እዚ ጅማ በርጩማና ረከቦት የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ዌብሳይት አላቸው፣ ዕቃ ሲያልቅ ከስሙ ጎን በቀይ «አልቋል» ይላል። በቀደም አንድ ሰውዬ ከአጋሮ በሚኒባስ ተነስቶ ስድስት በርጩማ ሊወስድ መጣ፣ እህቱ ዝርዝሩን ከዌብሳይቱ ኮፒ አድርጋ በቴሌግራም ልካለት ነበር። ስልኩን አውጥቶ አሳየን፣ «ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ዋንዛ» ይላል፣ ዋጋውም አለ፣ አልቋል የሚል ግን የትም የለም። ሴትዮዋ ገጹ ላይ ተጽፏል እያሉ ይምላሉ፣ ሰውዬው አልተጻፈም ይላል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እኔ ዌብሳይት ስለምሰራ ተጠርቼ ኮዱን ከፈትኩት። ቃሉ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ የለም፣ ሲኤስኤሱ ውስጥ አፍተር በሚባለው ገብቶ ነው ያገኘሁት።

ኤችቲኤምኤል ጽሑፉን ይይዛል፣ ሲኤስኤስ ደሞ ቀለሙንና ቅርጹን። ቢፎርና አፍተር በ1998 እ.ኤ.አ. ከሲኤስኤስ 2 ጋር የመጡ ናቸው፣ ከአንድ ነገር በፊት ወይም በኋላ ብራውዘሩ ራሱ የሆነ ነገር እንዲጨምር ያዙታል። የተጨመረው ነገር ለዓይን ይታያል እንጂ የገጹ ጽሑፍ አይደለም፣ ስለዚ ኮፒ ስታደርገው አብሮህ አይመጣም፣ ገጹ ላይ ፈልግልኝ ብትለውም አያገኘውም። ኔትወርክ ተቆራርጦ ኤችቲኤምኤሉ ደርሶ የሲኤስኤስ ፋይሉ መንገድ ከቀረ ደሞ ያለቀው በርጩማ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ይታያል፣ ይሄ እኛ ጋ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። ዓይነ ስውራን በሚጠቀሙበት፣ ገጹን በድምፅ በሚያነበው ስክሪን ሪደርም አንዱ ያነበዋል አንዱ ይዘለዋል። የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ እራሱ ትርጉም ያለው ጽሑፍ በዚ መንገድ ማስገባትን ኤፍ 87 ብሎ ከተደራሽነት ጥፋቶች ውስጥ መዝግቦታል።

ዌብሳይት የሚሰሩት ልጆች ለምን እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፣ አንድ ቦታ ጽፈህ መቶ ቦታ ይወጣልሃል፣ ያጓጓል። ግን እኛ ከተማ ገጽ የሚሰራው ባማርኛም በአፋን ኦሮሞም ነው፣ ተርጓሚው የሚሰጠው ጽሑፉ ነው፣ ሲኤስኤስ ማን ከፍቶ ያያል? ስንት የአፋን ኦሮሞ ገጽ ላይ ነው «አዲስ»፣ «ቅናሽ»፣ «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚሉ ያማርኛ ቃላት ተሰንቅረው ያየሁት፣ እውነቴን ነው በጣም ያናድደኛል፣ ለዛ ገጽ አንባቢ ያልተጨነቅንለት ይመስላል።

ነገርየውን ጥሉት እያልኩ አይደለም፣ ላማርኛ በጣም የሚጠቅም ቦታ አለው። የግዕዝ ቁጥርን ውሰዱ። ብዙ ሰው ፩ ፪ ፫ እያለ በእጁ ይጽፍና መሃል ላይ አንድ ነጥብ ሲጨመር ሁሉንም እንደገና ይቀይራል። ሲኤስኤስ ግን የኢትዮጵያ ቁጥር የሚል የቆጠራ ዓይነት አለው፣ ክሮምም ፋየርፎክስም ያውቁታል፣ ዜሮ የለሽ አቆጣጠራችንን በትክክል ይዞታል፣ 11ን ፲፩፣ 110ን ፻፲ አድርጎ ያወጣዋል። የሀለሐመ ተራም አለው። ጥቅስ ሲመጣም « እና » ን እሱ ያስገባልሃል፣ ቀስት፣ ኮከብ፣ ጌጥ ምናምን ሁሉ ለሱ ተዉለት። ቢጠፋ ማንም ከአጋሮ በከንቱ አይመጣም።

የሴትዮዋን ገጽ የዛኑ ቀን አስተካከልነው፣ «አልቋል» ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ከበርጩማው ስም አጠገብ ገባ፣ ሲኤስኤሱ ጋ የቀረው ቀይ ቀለሙ ብቻ ነው፣ የአፋን ኦሮሞውንም እሳቸው ራሳቸው ጻፉት። ጅማ ውስጥ ዌብ ዲዛይን የምታስተምሩ ሰዎች አደራ፣ ቢፎርና አፍተር ላይ ስትደርሱ ተማሪዎቹ የሰሩትን ገጽ ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉትና ምን እንደጎደለ በዓይናቸው ይዩት።