ልቤ ነግሮኝ ነበር

ጎንደር ውስጥ ድንገተኛ ነገር የሚባል የለም። ነገሩ ከሆነ በኋላ ማለቴ ነው።

በቀደም ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስንመጣ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ገና ከድንጋጤ ሳንወጣ አንድ ጋሼ ከኋላ ወንበር "ጠዋት ግራ እግሬን እንቅፋት ሲመታኝ አውቄዋለሁ" አሉ። አንዲት እናት ግራ ዓይናቸው ሲርገበገብ ሰንብቷል። ረዳቱም ሌሊት ጥርሱ ሲወልቅ በሕልሙ አይቷል። (የጎማው ሽቦ ከወጣ ቆይቷል። እሱን ያየ የለም።) ሁሉን እያወቁ ሒሳብ ከፍለው መሳፈራቸው ግን አይደንቅም? ጀግንነት ነው! ቱሪስቱ ፋሲል ግቢን አይቶ ይመለሳል፤ እነዚህን ቅርሶች የሚያስጎበኘው የለም።

ከሁሉም የሚበልጡት ጎረቤቴ እትዬ ናቸው። መብራት ሲሄድ ልባቸው ቀድሞ ያውቃል። ችግሩ፣ የሚነግራቸው ሊጡ ምጣዱ ላይ ከተዘረጋ በኋላ ነው። ዓይናቸው ተርገብግቦ ምንም ሳይመጣ የቀረበት ቀንም ሞልቷል። እሱ አይቆጠርም።

ፈረንጆች ይህን ጸጋ በመዝገብ ሊይዙት ሞክረው ነበር። በ1966 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ አበርፋን በምትባል መንደር የከሰል ማዕድን ቁልል ተንዶ 144 ሰው ሞተ። ከነሱ 116ቱ ልጆች ነበሩ። ጆን ባርከር የሚባል የአእምሮ ሐኪም "አስቀድሞ ታውቆኝ ነበር" የሚሉ ሰዎችን ታሪክ ሰበሰበ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ከአንድ የለንደን ጋዜጣ ጋር ሆኖ መዝገብ ከፈተ። ከመሆኑ በፊት ንገሩኝ፣ ልጻፈው አለ። ትንቢቱ ጎረፈ። አብዛኛው ግን ውሃ በላው።

እኔም ቀናሁ። ደብተር ገዛሁና እትዬ ዘንድ ቡና ላይ ደረስኩ።

"እትዬ፣ ዛሬ ልብዎ ምን አለ? ልጻፈው።"

ጀበናውን አስቀምጠው አማተቡ። "በስመ አብ! ቡና ላይ ክፉ ይወራል? ምን ዓይነት ሟርተኛ ነህ አንተ?"

ለካ እስከ ዛሬ ሕጉን አላውቀውም። ከመሆኑ በፊት ከተናገሩት ሟርት ነው፤ ከሆነ በኋላ ከተናገሩት የልብ ብርሃን። የባርከር ጥፋትም ይኸው ነው፤ ሰውየው ቢሮውን ማታ ማታ ቢከፍተው ኖሮ ስንት ነቢይ ባገኘ!

ደብተሬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። አቦሉን ጠጣን። ቶናው ሳይቀዳ መብራት ድርግም አለ። በጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የተሰማው የእትዬ ድምፅ ነው።

"ይኸው! ደብተር ይዘህ ስትገባ ልቤ ነግሮኝ ነበር።"