ልጅህን በጽሑፍ እወቅ

ወገኖቻችን፣ «ልጄ መሆኑን አገር ያውቃል» ማለቱን ተዉ። ፍርድ ቤት አስቀድሞ የሚያየው የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ ምስክር የሚሰማው እሱ ሲጠፋ ነው።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992፤ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው) በእናት ላይ አጭር ነው። እናት የወለደችው ናት። የእህታችሁን ልጅ ውጭ ለመውሰድ በራሳችሁ ስም የምታስመዘግቡ፣ ኤምባሲው የዲኤንኤ ምርመራ የጠየቀ ዕለት መግቢያ ታጣላችሁ፤ ሐሰተኛ ሰነድም በወንጀል ያስጠይቃል። ልጁን የምታሳድጉት ከሆነ መንገዱ ጉዲፈቻ ነው፤ ውሉንም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም።

ጣጣው ያለው አባት ላይ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተጸነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው፤ ጋብቻው ከፈረሰ በኋላ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደውም እንደዚያው። እና እናንተ «ተለያይተናል» እያላችሁ ፍቺውን ሳትጨርሱ ከሌላ የምትወልዱ፣ ሕጉ ልጁን የሚሰጠው ለዚያ ለተዋችሁት ባል ነው። የወለደው ሰው ቢምል ቢገዘት፣ ባልየው ልጅነቱን በክስ ክዶ እስካልተፈረደለት ድረስ ልጁን ሊቀበል አይችልም።

ከጋብቻ ውጭ የወለዳችሁ ወንዶችስ? ክርስትና ማስነሳት፣ በየወሩ ተቆራጭ መላክ ደግ ነው፤ ለክስም ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ልጅነትን መቀበል ግን አይደለም። መቀበል የሚጸናው በጽሑፍ ነው፦ ልደትና ጋብቻ በሚመዘግበው የክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በኑዛዜ፣ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ። እናትየዋም እውነት ነው ማለት አለባት። ይህን ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ሳትሠራ ብትሞት፣ ልጅህ ውርስ ሊጠይቅ ሲመጣ እህትና ወንድሞችህ «አናውቀውም» ይሉታል። ያኔ እናቱ የቀራት አባትነቱ በፍርድ እንዲታወቅ መክሰስ ነው፤ ጠለፋ ወይም መደፈር እንደነበር፣ አገባሻለሁ ብለህ እንዳታለልካት፣ አብራችሁ እንደኖራችሁ፣ ወይም ልጄ ነው የሚል የጻፍከው ደብዳቤ እንዳለ እያስረዳች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ ከሌላው እኩል ያደርገዋል፤ አባቱ ካልታወቀ ግን ከማን ይጠይቅ?

እናቶችም ወረዳ ስትሄዱ በአባት ቦታ የራሳችሁን አባት ስም አታስጽፉ። በመዝገቡ ላይ የወለዳችሁት ልጅ ወንድማችሁ ይሆናል፣ ማስተካከሉም ፍርድ ቤት ያመላልሳል። ከሆስፒታል የተሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያ ይዛችሁ ልጁ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ፤ አባትየውም ካመነ አብሯችሁ ሄዶ ይፈርም።