ዳክዬ ጎርጓሪ

ዓመቱን ሙሉ ማንንም ሳናምን የምንኖር ሰዎች ነን። ሽንኩርት ስንገዛ ከታች ያለውን ገልብጠን እናያለን። የመብራት ሂሳብ ከፍ ብሎ ከመጣ ስልክ ይዘን ግማሽ ቀን እንሟገታለን። አገር ቤት ላለች እናት ሁለት መቶ ፓውንድ ለመላክ የሐዋላ ቤቶችን ምንዛሪ አንድ በአንድ አነጻጽረን፣ «ነገ ትንሽ ይጨምር ይሆናል» ብለን እናሳድረዋለን። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሕዝብ በዓመት አንድ ቅዳሜ ቦርሳውን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ በፈገግታ ተሰልፎ፣ ልጆቹን ምስክር አቁሞ ሲታለብ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ዛሬ ላወድስ የተነሣሁት ይህን ቅዳሜ ነው።

የምኖረው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ከኒውካስል ብዙ በማትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ በየበጋው በዓሏን ታከብራለች። (በጋ የምለው እነሱ በጋ ስለሚሉት ነው፤ ሰኔና ሐምሌ እኛ ዘንድ ክረምት ነው፤ የዚህን አገር ሰማይ ብትጠይቁትም ከእኛ ጋር ይስማማል።) በጠዋት የነሐስ መለከት የሚነፋ ባንድ በዋናው መንገድ ይወርዳል። ከኋላው በወረቀት አበባ ያጌጡ የጭነት መኪናዎች ይከተላሉ፤ እንደ ንብና እንደ ዳይኖሰር የለበሱ ሕፃናት፣ በመጨረሻም ከትምህርት ቤት ተመርጣ ለዕለቱ ንግሥት የምትሆን አንዲት ልጅ ትመጣለች። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የኬክ ውድድር አለ። ይህን ሁሉ የሚያሰናዱት አምስት ሳንቲም የማይከፈላቸው ጡረተኞች ናቸው፤ ከገና ማግስት ጀምረው ሻይ እየጠጡ ይሰበሰባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይኳረፋሉ፣ መልሰው ይታረቃሉ።

በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ በዓል ሥሩ ጥልቅ ነው። የዱራም የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ታላቁን በዓላቸውን ማክበር የጀመሩት በ1871 ነው፤ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ። ዛሬ ከሰል የሚወጣበት አንድም ጉድጓድ ባይኖርም፣ በጁላይ ሁለተኛ ቅዳሜ የየመንደሩ ሰው የአያቱን ማኅበር ሰንደቅ ተሸክሞ ከባንዱ ኋላ ይተማል። ጉድጓዱ ተዘግቶ መለከቱ ያልተዘጋ ሕዝብ ነው። የእኛም ትንሽ ከተማ በዓል የዚያ ታላቅ በዓል የአጎት ልጅ መሆኑ ነው። እኔም ታሪክ ወዳድ ነኝና፣ ሰልፉን ተቀምጠን እንድናይ ብዬ በየዓመቱ ሁለት ታጣፊ ወንበሮች መኪናው ላይ እጭናለሁ።

ወንበሮቹ እስካሁን ለሰልፉ አንድም ቀን ተዘርግተው አያውቁም።

ምክንያቱም ከሰልፉ ባሻገር፣ በእግር ኳስ ሜዳው ላይ፣ ፈንፌር የሚሉት ከከተማ ከተማ የሚዞር የመጫወቻ ትርዒት አለ። ሐሙስ ማታ ጭቃና ሁለት የግብ ብረት ብቻ የነበረበት ሜዳ ቅዳሜ ጠዋት ከተማ ሆኖ ይገኛል፤ የሚሽከረከር፣ የሚወነጨፍ፣ የሚወዛወዝ፣ በሺህ አምፖል የሚንቦገቦግ። የጄኔሬተሩ ጩኸት የባንዱን ዜማ ውጦ ያስቀረዋል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እጅ ይጎትታሉ፤ አባቶችም፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ለመጎተት ብዙ አያስቸግሩም። እናም በሰልፉ መካከል «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያልን እንሹለከለካለን። ባለፈው ዓመት ትሮምቦን የሚነፉ አንድ ሽማግሌ ዜማቸውን አቋርጠው አሳልፈውናል። እግዜር ይስጥልን።

አሁን ወደ ውዳሴው እንግባ። በልጅነቴ በየበዓሉ ገበያ ዳር ሦስት ካርታ እያገላበጠ «ቀይዋን ያገኘ» የሚል ሰው ነበር። ምስኪን! አንዱን ዓይኑን ካርታው ላይ፣ አንዱን ዓይኑን ፖሊሱ ላይ አድርጎ፣ ጠረጴዛው ካርቶን፣ ወንበሩ ድንጋይ፣ ከተማውን ሁሉ እየሸሸ የሚያድር ነበር። አላወቀበትም። ካርቶኑን ትቶ መብራት ቢያንቦገቡግ፣ የዋጋ ሰሌዳ ቢሰቅል፣ ከጣሪያው ላይ ሰው የሚያህል ድብ ቢያንጠለጥል ኖሮ እኛው ራሳችን ተራ ጠብቀን በሄድንለት ነበር። የሠለጠነው ዓለም ያገኘው ትልቁ ጥበብ ይህ ነው፤ ተሸናፊው ሰልፉን አክብሮ ይቆማል፣ ከተሸነፈም በኋላ ያመሰግናል።

ለምሳሌ የቅርጫት ኳሱን ውሰዱ። ቀለበቱ ብዙ ጊዜ ከመደበኛው ይጠብባል፣ ከፍም ይላል፤ ኳሱ ደግሞ ጥርቅም ብሎ ስለተነፋ ሲነካው ይነጥራል። ይህን የማያውቅ የለም። ጎረቤታችን የሆኑት ጋሼ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ሃያ ዓመት በሒሳብ ሥራ የኖሩ፣ የገበያ ደረሰኝ ሳያዩ የማይጥሉ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ለልጃቸው ማብራሪያ ሲሰጡ ቆሜ ሰማሁ። «ተመልከት ልጄ፣ ይህ የማታለያ ዘዴ ነው። የቀለበቱን ስፋት ከኳሱ ጋር ስታነጻጽረው የመግባት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።» ይህን ብለው ካርዳቸውን አስነኩና ወረወሩ። ለሦስት ኳስ አምስት ፓውንድ። ሳቱ። መልሰው አስነኩ።

በስድስተኛው ዙር፣ «ጋሼ፣ አይበቃዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ እኮ ለልጁ ብዬ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከቀለበቱ ሳይነቅሉ።

ልጁ በዚያን ጊዜ ሣር ላይ ቁጭ ብሎ የጥንዚዛ መንገድ ይከታተል ነበር።

በዘጠነኛው ዙር ኳሱ ገባ። አርባ አምስት ፓውንድ! ጋሼ እጃቸውን ወደ ሰማይ ሲዘረጉ ያየ፣ ዐድዋ ላይ የነበሩ ይመስለዋል። ሰውየውም ከጣሪያው ላይ ድቡን አወረደላቸው። ይኸው ድብ ከተማው ውስጥ ካለው ሱቅ ቢገዛ ስንት እንደሚያወጣ ጋሼን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጨዋ ነኝ።

ለትንንሾቹ ደግሞ በገንዳ ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ የፕላስቲክ ዳክዬዎች አሉ። ልጁ በረጅም እንጨት ጫፍ ባለ መንጠቆ አንዷን ያወጣል፤ ማንም አይሸነፍም፣ ሁሉም ይሸለማል። አባቶቻችን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ያሉት ይህን ገንዳ ሳያዩ ነው። እዚህ ዳክዬ ጎርጓሪ የቁልፍ መያዣ ያወጣል። ቤታችን ውስጥ አሥራ አንድ የቁልፍ መያዣ አለ፤ ቁልፉ ሦስት ነው።

ቀድሞ ሽልማቱ በላስቲክ ከረጢት የተሞላ ውኃና አንዲት ወርቃማ ዓሣ ነበር። ዓሣዋ እስከ ማክሰኞ አትደርስም ነበርና ሕግ ጣልቃ ገባ። በ2006 በወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ መሠረት በእንግሊዝ አገር ከ16 ዓመት በታች ለሆነ፣ አዋቂ ላልተከተለው ልጅ እንስሳ መሸለም ያስቀጣል፤ ስኮትላንዶች ደግሞ በዚህ ረገድ የባሰ ጥብቅ ናቸው። ፓርላማው ለዓሣ ሲራራ ለአባት ምንም አለማለቱን ልብ ይሏል። ዓሣ መንጠቆን ራሷ ፈልጋ ስለማትሄድ ይሆናል።

የስኳር ጥጡን ሳላወድስ ባልፍ ደግሞ ጥርሴ ይታዘበኛል። ያንን በእንጨት ላይ የሚጠቀለል ሮዝ ደመና የሚሠራውን ማሽን በ1897 ከአንድ ጣፋጭ ነጋዴ ጋር ሆኖ የፈለሰፈው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዊልያም ሞሪሰን የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም! በ1904 በሴንት ሉዊስ የዓለም ትርዒት ላይ እያንዳንዱን ካርቶን በ25 ሳንቲም 68,655 ካርቶን ሸጠዋል። ከዚህ የበለጠ አርቆ አሳቢ ሐኪም አላየሁም፤ ሌላው በሽተኛውን ይጠብቃል፣ እሱ ግን ያዘጋጃል።

አንባቢ ይህ ሁሉ ከመቼ ጀምሮ ነው ቢል፣ ወደ ኒውካስል ይምጣ። በዚያ ታውን ሙር የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ፤ ከተማ መካከል ሆኖ ላሞች የሚግጡበት፣ የከተማዋ ነባር ባለመብቶች ከብት የማሰማራት መብታቸውን እስከ ዛሬ ያላስነኩበት ሜዳ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ላሞቹን ሳይ ጎጃም የደረስኩ መስሎኝ ነበር። በዚህ ሜዳ በየሰኔው ሆፒንግስ የሚባለው፣ በአገሩ ካሉት ተጓዥ ፈንፌሮች ሁሉ እጅግ ትልቅ የሆነው ይተከላል። አጀማመሩ ግን ያስቃል። ቀድሞ በሜዳው የፈረስ ውድድር ነበር፤ ሕዝቡም ይወራረዳል፣ ይሰክራል። ውድድሩ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር፣ መጠጥን የሚቃወሙ ደጋግ ሰዎች በ1882 በዚያው ሜዳ አልኮል የሌለበት የጨዋ በዓል አዘጋጁ፤ ሠራተኛው ሕዝብ ገንዘቡን በከንቱ እንዳያጠፋ። ሆፒንግስ የዚያ በዓል ልጅ ነው። ዛሬ ያ ሕዝብ አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ፣ ፍጹም ጨዋ ሆኖ፣ በሙሉ ልቦናው ገንዘቡን ይጨርሳል። ላም በሚግጥበት ሜዳ በሰኔ የሚታለበው ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ የአገሬው ሰው በሆፒንግስ ሳምንት ዝናብ አይቀርም ይላል። እውነቱን ነው። የጎማ ቦት ጫማችንን አጥልቀን በጭቃው ውስጥ ስንዳክር ለተመለከተን የእርሻ ሥራ የምንሠራ እንመስላለን።

ስለ ሽክርክሪቶቹ ብዙ አልልም፤ ሆዴ ገና አልረሳም። ሰውን በወንበር ላይ አስሮ የሚያሾረው መዘውር ላይ የቆመው ጎረምሳ በድምፅ ማጉያ «ቶሎ እንዲሄድ የሚፈልግ ይጩኽ!» ይላል። አብረውን የመጡት እትዬ «እመብርሃን! እመብርሃን! አቁሙልኝ!» ብለው ጮኹ። ጎረምሳው አማርኛ ስለማይችል ፍላጎታቸውን ፈጸመላቸው። ከዚያ በኋላ እሳቸው የእንጨት ፈረሶቹን መረጡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንደ ልዕልት ቀጥ ብለው። በብሪታንያ እነዚህ ፈረሶች የሚዞሩት በሰዓት አቅጣጫ ነው፤ ባላገሩ ፈረስ ላይ በግራ በኩል ስለሚወጣ ነው ይላሉ። በሌላው ዓለም አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው ይዞራሉ። በየትም ቢዞሩ ሰው የሚወርደው ከወጣበት ቦታ ነው፤ የቀነሰው ኪሱ ብቻ ነው።

ለባለ ፈንፌሮቹ ግን ክፉ ቃል የለኝም፤ ይህን ከልቤ ነው የምናገረው። ከአባት ወደ ልጅ በወረደ ሙያ፣ በተሽከርካሪ ቤት እየኖሩ፣ በዝናብ ብረት እየፈቱ እየገጠሙ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። በ1889 አኗኗራቸውን የሚያጠብ ሕግ ሊወጣባቸው ሲል ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ። እነሱ ለመብታቸው የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። እኛስ ለድብ።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ መኪናችን ስንመለስ ዋናው መንገድ ባዶ ነበር። ጡረተኞቹ ወረቀት አበባውን ከአስፋልት ላይ ይለቅማሉ። ትንሿ ልጄ አፏ ዙሪያ በሮዝ ስኳር ተቀብቶ፣ «አባዬ፣ ንግሥቷ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። እናቷ አየችኝ፤ እኔም እናቷን አየሁ።

«የሚመጣው ዓመት እናያታለን» አልኳት።

ረስቼው፤ እኔም ድብ አሸንፌ ነበር። ከጋሼ ድብ ትንሽ ይበልጣል፤ ስንት እንደፈጀ ከልጆቼ እናት በቀር የሚያውቅ የለም። ወደ መኪናው ግን አልገባ አለ። በኋላ በር ሞከርነው፣ በፊት በር ሞከርነው፣ ጆሮውን ይዘን ገፋነው። በመጨረሻ ሁለቱን ታጣፊ ወንበሮች አወጣንና አጥሩ ሥር፣ ሰልፉ ባለፈበት መንገድ ዳር፣ ዘርግተን ትተናቸው ሄድን።