እርማት፦ ኮሮጆው ሳይቆጠር ባሕር ዳር አይሄድም

ጋሼ፣ «ድምፃችን የሚቆጠረው ባሕር ዳር ወይ አዲስ አበባ ነው፤ ኮሮጆው ከቀበሌያችን ታሽጎ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን ማን ያያል?» ያሉትን አነበብኩ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ግን ስህተት ነው።

ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው በተሰጠበት ምርጫ ጣቢያ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1162፣ የሚያዘው ይህንኑ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በታዛቢነት ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት ባዶነቱን ያየነው ሳጥን ማታ በፊታችን ተከፈተ። አስፈጻሚዋ እያንዳንዱን ወረቀት ዘርግታ፣ ከፍ አድርጋ እያሳየች ምልክቱን ትጠራ ነበር፤ ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ በባትሪ ብርሃን ይመዘግባል። ውጤቱ በቅጽ ተሞልቶ ከተፈረመበት በኋላ በሩ ላይ ተለጠፈ። ወደ ምርጫ ክልል የሚሄደው ከዚህ በኋላ ነው፤ እዚያ የየጣቢያው ውጤት ይደመራል።

በማግስቱ ያንን ወረቀት ቆሞ ያነበበው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የጣቢያውን ቁጥር ያልያዘ ሰው በኋላ የሚነገረውን ውጤት ከምን ጋር ያስተያያል?

ስጋትዎ ከንቱ ነው አልልም፤ ሕግ መኖሩና በየጣቢያው መፈጸሙ ይለያያል። ስለዚህ በሚቀጥለው ምርጫ፣ ማታ ቆጠራው ሲያልቅ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሁለት ልጆች ይላኩ፤ የተለጠፈውን በደብተር ገልብጠው ይምጡ። ካልተለጠፈም ለምን እንዳልተለጠፈ እዚያው ይጠይቁ።