«እንግሊዝ» ስንል ማንን ማለታችን ነው?

በጥር መጨረሻ 1933 ዓ.ም. አንድ የ22 ዓመት ሕንዳዊ ምክትል መቶ አለቃ ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ጣሊያን የቀበረውን ፈንጂ ሲያመክን አራት ቀን ቆየ። ፕረሚንድራ ሲንግ ባጋት ይባላል። በ88 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ፈንጂ የተቀበረባቸውን 15 ቦታዎች አስጸዳ። የተሳፈረበት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ ፈነዳ፣ የጆሮው ታምቡር ተቀደደ፣ እሱ ግን ሌላ ሰው ይተካህ ሲባል እምቢ ብሎ ሥራውን ጨረሰ። የብሪታንያን ትልቁን የጀግንነት ሜዳልያ ቪክቶሪያ ክሮስን ተሸልሟል፤ ኋላም በአገሩ ጦር ሌተና ጄኔራል ሆኗል። መንገዱ የእኛ ነው። ስሙን የሚያውቅ ጎንደሬ ስንት ይሆን?

ሚያዝያ 27 በደረሰ ቁጥር ክርክራችን ያው ነው፦ ነጻ ያወጣን አርበኛው ነው ወይስ እንግሊዝ? በአርበኛው ጉዳይ አልደራደርም። በላይ ዘለቀ ጎጃም ላይ፣ አበበ አረጋይ ሸዋ ላይ፣ ገረሱ ዱኪ በደቡብ ምዕራብ ጠላትን እረፍት ነስተው ባያቆዩት ኖሮ ዘመቻው በወራት አያልቅም ነበር። በዓሉ ራሱ በክርክሩ ተንገላቷል። ሚያዝያ 27 ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነውና፣ ደርግ ንጉሡን ከበዓሉ ለማውጣት ሲል ቀኑን ወደ መጋቢት 28 አዞረው። መጋቢት 28 ደግሞ በብሪታንያ ጄኔራሎች የሚመራው ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ነው። በኋላ ቀኑ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ።

እኔን የሚቆጨኝ ግን «እንግሊዝ» የምንለው ቃል ነው። ከረን ላይ ከስኮትላንዶች ጋር ሰባት ሳምንት ያህል ተራራ ለተራራ የተዋደቁት 4ኛውና 5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች ናቸው። ከሞቃዲሾ ተነሥተው በጅጅጋና በሐረር መካከል ያለውን የማርዳን ተራራ ማለፊያ ሰብረው ሐረር የገቡት ናይጄሪያውያን ናቸው። በደቡብ፣ ዋደራ ላይ የዛሬዎቹ ጋናውያን ተዋጉ። በጎጃም እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት ከሚመራው ከጌዴዎን ጦር ጋር የዘመተው የሱዳን ሻለቃ ነበር። ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር አሶሳንና ጋምቤላን ይዞ ደምቢ ዶሎ ደረሰ፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራም በሰኔ መጨረሻ እጁን የሰጠው ለዚሁ ጦር ነው። ጎንደር በኅዳር 1934 ስትያዝ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮችና የእኛ አርበኞች ጎን ለጎን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የእኛን ነጻነት ሲያስመልሱ የራሳቸው አገር በቅኝ ግዛት ሥር ነበር፦ ሕንድ እስከ 1947፣ ሱዳን እስከ 1956፣ ናይጄሪያና ኮንጎ እስከ 1960 እ.ኤ.አ.።

ብሪታንያ ከድሉ በኋላ ያደረገችውን አልረሳሁም። በጥር 1934 የተፈረመው ስምምነት ሉዓላዊነታችንን ሸራርፎታል፤ ኦጋዴን ሙሉ በሙሉ የተመለሰልን በ1947 ዓ.ም. ነው። ቂሙ ተገቢ ነው። ግን የለንደን ሹማምንት ላደረጉት፣ በአለቃ ትእዛዝ ማርዳ ላይ ደሙን ያፈሰሰውን ናይጄሪያዊ ለምን እናስከፍለዋለን? ቸርችል ጎዳና አለው። ዊንጌት በስሙ ትምህርት ቤት አለው። ከሐረር ወደ ጅጅጋ የሚያልፍ መንገደኛ ማርዳ ላይ እዚያ የተዋጉትን ናይጄሪያውያን የሚያወሳ ድንጋይ ቢያገኝ፣ በመተማ መንገድ የባጋት ስም ቢጻፍ፣ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ላይ ለአርበኞች አበባ ሲቀመጥ የሕንድ፣ የናይጄሪያ፣ የጋና፣ የሱዳንና የኮንጎ አምባሳደሮች በክብር ተጋብዘው ከፊት ቢቆሙ እላለሁ።